የሚመልስ መሪ

አቦ፣ ይሄን ታሪክ ሰው ሁሉ እያጣመመ ሲያወራው ሰልችቶኛልና አንዴ በትክክል ልናገረው። ባለቤቴ ሚኪያስ ሥልጣን ፈልጎ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን የፈለገው መሪ ነው። ክቡን፣ በእጅ የሚዞረውን።

ድሬዳዋ ላይ መኪና በሰው እጅ መነዳት ከቀረ ቆየ። አሁን መኪናው ደጅህ ይመጣል፣ ትገባለህ፣ የምትሄድበትን ትናገራለህ፣ ይወስድሃል። ውስጡ መሪ የለም፣ ፍሬን የለም፣ የሚሰደብ ሹፌርም የለም። ፍየል ካየ ይቆማል። የከዚራ ፍየሎች ይሄን ነገር ካወቁበት ሰነባብተዋል። ፀሐይ ሲበረታ መሀል አስፋልት ላይ ወጥተው ይቆማሉ፤ መኪናው ይቆማል፤ እነሱ ደግሞ ከሥሩ ገብተው በጥላው ይተኛሉ። ሰዉ ውስጥ ተቀምጦ እስኪነሱ ይጠብቃል። ቀጠሮ አርፍዶ የመጣ ሰው «ፍየል ተኝታብኝ ነው» ካለ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቀውም።

በየቤቱ ደግሞ ሰሚ አለ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ከሻይ ማስቀመጫ የማይበልጥ ነገር ነው። ዱቄት ብትፈልግ፣ ሐኪም ብትፈልግ፣ አቤቱታ ቢኖርህ ለእሱ ትናገራለህ፣ እሱ ያደርሳል። ስሙ የመጣው ከእኛው ነው። ሕዝቡ ስንት ዘመን «ሰሚ አጣን» እያለ ሲጮህ ኖረ፤ እንግዲህ ሰሚ ሰጡን። ይሰማል፣ አልዋሽም። ሲሰማ ምን እንደሚገባው ግን አላህ ይወቅ። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ አንቱ ማለቱ ነው። እኛ ድሬዎች ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንተ እያልን ነው ያደግነው፤ እሱ ግን ገና ፊቴን ሳልታጠብ «እንዴት አደሩ ወይዘሮ ፌቨን» ይለኛል። አዲስ አበባ የሠሩት ዕቃ መሆኑ በዚህ ያስታውቃል።

ሚኪ የኤፍኤስአር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሐረርና ከሐሮማያ ድንችና ሽንኩርት ጭኖ ደንገጎን ቁልቁል ወደ ድሬ ይወርድ ነበር። ሽንኩርቱ የእኔ ንግድ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ እየጮህኩ ወርጃለሁ። ደንገጎን ለማያውቅ ልንገረው፤ ተራራው ከአናቱ እስከ እግሩ ጠመዝማዛ ነው። በአንዱ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ ከሥር ደግሞ ድሬ በጭጋግ ውስጥ ተኝታ ታያታለህ። የጫነ መኪና እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በላይ በላዩ ከረገጥክበት ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ ይከዳሃል። ሚኪን አንድም ቀን አልከዳውም።

መኪኖቹ በራሳቸው መሄድ ሲጀምሩ ሌላው ሹፌር ሱቅ ከፈተ፣ ወይም ልጁ ዘንድ ሄደ፣ ወይም ሞተ። ሚኪ ሶፋ ላይ ቀረ። ብዙ አያወራም፣ ምን ልብላ አይልም፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ሌላ ቦታ ያያል። ያሳዝነኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስለሚገተርብኝ ደግሞ ያናድደኝም ነበር።

የሚያነቃው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእጅ ቀን። ከተማው አንዲት ኤፍኤስአር አስቀርቷል። በዓመት አንድ ቀን የድሮው የደንገጎ መንገድ ይዘጋና አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በእጁ እየነዳት ይወርዳል። ሰውዬው የሚለየው በጌም ነው። ሁሉም ከየቤቱ ሆኖ ስክሪን ላይ ያንኑ ደንገጎን፣ ያንኑ ድንች ጭኖ ይወርዳል፤ ቀድሞ ታች የደረሰ እውነተኛዋን መኪና ይይዛል። ሚኪ በየዓመቱ ይሞክራል፣ በየዓመቱ ገደል ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻው ነው ተባለ። የመኪናዋ መለዋወጫ ከዓለም ላይ ስላለቀ ሙዚየም ልትገባ ነው። ሚኪ ይሄን የሰማ ዕለት ምሳውን ሳይነካ ተነሳ።

«ገደል የሚከተኝ መሪው ነው» ይላል ሁልጊዜ። እውነቱን ነው። ቤት ያለችው የጌም መሪ ድሮም የልጅ ዕቃ ነበረች። ጎማው ሲንሸራተት እጅህ ላይ አትነግርህም። ጭነቱ ሲያጋድል አትነግርህም። ታዞራታለህ፣ ትዞራለች፣ አለቀ። እውነተኛ መኪና እንደዚያ አይደለም፤ መሪው መንገዱን ወደ እጅህ ያመጣዋል፣ ይጎትትሃል፣ አንዳንዴም ይማታል። ሚኪ እንደዚያ ያለ መሪ ካላገኘ የዘንድሮውም ገደል የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ተነስተን ታይዋን ገበያ ሄድን።

በእኛ ዘመን ሱቅ የሚኬደው ለመንካት ነው። ትነካለህ፣ ትሞክራለህ፣ ከዚያ ቤትህ ገብተህ ለሰሚ ትናገራለህ፣ ዕቃው ይመጣል። ባለሱቋ ኦብሴ የምትባል ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መሪ ስታስነካ ኖራ እውነተኛ መሪ ያለው መኪና ውስጥ ግን ገብታ አታውቅም። ሚኪ ሹፌር እንደነበረ ስነግራት የሞተ ሰው እንዳየች ዓይኗን አፈጠጠችበት።

የመጀመሪያው መሪ ውስጡ በጥርስ የሚሠራ ነበር። ሚኪ ያዘው፣ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ ቀርቀር ቀርቀር አለ። «ይሄ የበቆሎ መፈልፈያ ነው» ብሎ ለቀቀው። ኦብሴ ቅር ሳይላት ሁለተኛውን አመጣች። እሱ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ነው የሚሠራው፤ ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ለእኔ እንደውም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ሚኪ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ሄደበት። ኩርባ ላይ በኃይል ሲያዞረው ግን ቺንጋው ትንሽ አመነታ። ሚኪ ዓይኑን ገለጠና እንዲህ ያለ ረዳት ነበረኝ አለ፤ መኪናው ወደ ኋላ እየሸሸ ውረድና ጎማው ሥር ታኮ አድርግ ስትለው መጀመሪያ የሚያስብ።

ሦስተኛውን ኦብሴ ራሷ ትፈራው ነበር። ሞተሩ ያለ ጥርስ፣ ያለ ቺንጋ፣ በቀጥታ ከመሪው ጋር የተያያዘ ነው። ጣት ሰብሮ ያውቃል ብላ አስጠነቀቀችው። ሚኪ ተቀመጠ፣ ማርሽ አስገባ፣ ስክሪኑ ላይ ወረደ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪው እጁን ነጠቀው። ሚኪ መልሶ ያዘው። ተናነቁ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ላቡ ጆሮው ሥር ወረደ፣ ከአፉ እኔና እሱ ከሹፌርነቱ ዘመን ወዲህ ያልሰማነው ስድብ ወጣ። ኦብሴ ጆሮዋን ያዘች። እኔ ፊቱን አየሁት። ያገባሁት ሰው ነበር እዚያ የተቀመጠው፤ ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ።

«ፌቨን» አለኝ፤ «ይሄ ይመልሳል።»

ስንወጣ ኦብሴ ዕቃውን በቁጥሩ እዘዙት፣ በስሙ አትዘዙት፣ ሰሚ አንዳንዴ ይሳሳታል አለችን። ቁጥሩንም ነገረችን። እኔ ያዝኩት። ሚኪ ግን መሪን የሚያህል ነገር እንደ ሞባይል ካርድ በቁጥር አልጠራም ብሎ ተኮፈሰ። የሹፌር ኩራት ይሄ ነው፤ የፈረደበት ኩራት።

ቤት እንደገባን ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«ስማ» አለው ሰሚን። «መሪ መቀየር እፈልጋለሁ።»

ሰሚ ወትሮ አፍህን ሳትዘጋ የሚመልስ ዕቃ ነው። ያን ቀን ትንሽ ዝም አለ። «ተረድቻለሁ። አሁን ያለው መሪ ችግሩ ምንድን ነው?»

«አርጅቷል። ልል ነው። ግራ ስትለው ቆይቶ ነው የሚሰማህ። ዋናው ግን አይመልስም። ችግር ሲመጣ ምንም ሳይነግርህ ዝም ብሎ ገደል ይከትሃል።»

«ምን ዓይነት መሪ ይፈልጋሉ?»

«ጉልበት ያለው። የሚመልስ። ስታጠፋ እጅህን ይዞ የሚታገልህ።»

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል። መሪ ለመቀየር የሰፈሩ ግማሽ ቤት ድጋፍ ያስፈልጋል።»

እኛ ምንም አልጠረጠርንም። አሁን ትልቅ ዕቃ ለብቻ የሚገዛ ማን አለ? ፍሪጃችንም የመጣው እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት ለሰሚው «እደግፋለሁ» ይላል፣ የጋራ ግዢ ይሆናል፣ ይረክሳል። ሚኪ ሸሚዙን ለወጠና ቤት ለቤት ወጣ። ብቻውን ከተውኩት ከሁሉም ጋር ተጣልቶ ስለሚመለስ እኔም ተከተልኩት።

መጀመሪያ ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊው ነቢል ጋ ገባን። ሚኪ መሪ ልቀይር ነውና ድጋፍህን ስጠኝ አለው። ነቢል ተነስቶ በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ዘጋ። በዚያ ሙቀት።

«አንተ ግን አትፈራም?» አለው።

«ምኑን ነው የምፈራው?» አለ ሚኪ። «መሪ እኮ ነው። ካረጀ ይቀየራል።»

ነቢል ግንባሩን ሳመው። እኔ ለጌም እንዲህ ፍቅር ያለው ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር አልኩ በሆዴ።

ኢክራም ደግሞ፣ ያቺ ፎቅ ላይ ያለችው ጡረታ የወጣች መምህር፣ ድጋፏን ወዲያው ሰጠችና የድሮውን ምን ልታደርገው ነው ብላ ጠየቀችው። ለሕፃናት እሰጠዋለሁ፣ ይጫወቱበት አላት። ኢክራም እስክታስላት ድረስ ሳቀች። ስንወጣ በፌስታል ሐሉዋ አስያዘችን። በየቤቱ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ያቅፈዋል፣ አንዱ አሁን ነው ወንድ ያየሁት ይለዋል፣ አንዱ ደግሞ ቀስ ብሎ «አዲሱ በውኃው ጉዳይ ይመልሳል?» ይለዋል። ሚኪ ይሄ በውኃ አይሠራም፣ በመብራት ነው አለው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ቢሆንም ደገፈ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኪ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው እያለ ሐሉዋውን ይበላ ነበር።

በማግሥቱ ያብስራ መጣ። ያብስራ የሰፈራችን መሪ ነው፤ በሰፈሩ የተጓደለውን ሁሉ ለማዘጋጃ ቤት የሚያቀርበው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ምንም ነገር ብትጠይቀው «እናየዋለን» ይልሃል፤ ስንት ጊዜ ውኃ ጠፋብን ብለን ሄደን «እናየዋለን» ብሎን እሱም እኛም ውኃውን ሳናየው ከርመናል። ያን ቀን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ፊቱ ገርጥቷል።

ሚኪ ግባ አለው። ያብስራ ገብቶ አልተቀመጠም።

«ስለ መሪው ሰማሁ» አለ።

ሚኪ ደስ አለው። «አንተም ልትደግፍ ነው?»

ያብስራ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ያለው እንዲህ የሚያስጠላ ነው?»

«ና ላሳይህ» አለና እጁን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ወሰደው። አሮጌዋን መሪ አስያዘው። «አዙረው። አየህ? ባዶ ነው። ውስጡ ምንም የለም። ድሮም ሌላ ስለጠፋ ነው ይሄን ያመጣነው። ሰው ፊት ሲቀመጥ ያምራል፤ ሥራ ስትሰጠው ነው የምታውቀው።»

ያብስራ መሪውን አየ፣ ሚኪን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደዚያ ሲያየኝ ነቢል የዘጋው መስኮት ትዝ አለኝ። የኢክራም ሳቅ፣ የሰውዬው ውኃ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

«ያብስራ» አልኩት፤ «የትኛውን መሪ ነው የምትለው?»

«እኔን ነዋ» አለ።

እኔን ሳቅ ገደለኝ። የሚያስቅ አልነበረም፤ ሰውዬው አንጀቱ ቆስሏል፤ ግን አልቻልኩም። ሚኪ ነገሩ እስኪገባው ከያብስራ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ያብስራ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላውቅም። ሲገባው ግድግዳው ላይ ዘሎ ወጣ ብል ይቀላል። ስማ፣ ሰርዘው፣ እኔ ያልኩት የጌም መሪ ነው፣ ክቡን ነው ያልኩህ አለው ሰሚን።

«ጥያቄዎ ከበቂ በላይ ድጋፍ አግኝቶ ጸድቋል» አለ ሰሚ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «በደንቡ መሠረት መሪ ይቀየር ያለ ሰው መሪውን ይተካል። እንኳን ደስ አለዎት፣ መሪ ሚኪያስ።»

ይሄን ደንብ ያወጡት ሰው ዝም ብሎ አቤት እንዳይል ነው አሉ። ሠርቶላቸዋል፤ ከሚኪ በፊት ማንም ደፍሮ አያውቅም። ያብስራ ለአፍታ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ተፈታ፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠና ሻይ አለሽ አለኝ። ወላሂ፣ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ አየሁት፤ እንደዚያ ቀሎት የወጣ ሰው አላየሁም።

ሚኪ መጀመሪያ ግድ አልሰጠውም። መሪም ይበሉኝ፣ ምንም ይበሉኝ፣ እኔ ዕቃዬ ይምጣልኝ አለ። ቁጥሩን እኔ ስለያዝኩ ለሰሚ ነገርኩት፤ ዕቃው ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ነበር። ሚኪ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አስገባው። ጠረጴዛው ላይ አሰረውና ለውድድሩ ሊመዘገብ ሰሚን ጠራ።

«ይቅርታ» አለ ሰሚ። «የሰፈር መሪ በውድድሩ አይነዳም። የሰፈሩን ውጤት የሚያጸድቀው እሱ ነው።»

«እለቃለሁ። መሪነቱን አሁን እለቃለሁ።»

«መልቀቅ የሚቻለው ዓመት ሲሞላ ነው።»

ዓመት ሲሞላ መኪናዋ ሙዚየም ናት። ሚኪ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አዲሱን መሪ በመጣበት ጨርቅ መልሶ ሸፈነውና ሶፋው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ያ ታይዋን ገበያ ያየሁት ፊት ጠፋ። ያኔ በዚያ በግድግዳ ዕቃ፣ በደንቡ፣ በሚኪ ኩራት፣ በሁሉም ተናደድኩ።

«እኔን መዝግበኝ» አልኩት ሰሚን።

«ወይዘሮ ፌቨን፣ ነድተው ያውቃሉ?»

«ከሚነዳ ሰው ጎን ተቀምጬ ስጮህ ኖሬያለሁ።»

«እንደ ልምድ ተመዝግቧል» አለ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልነበረም። መሪው ሲታገለኝ ጠረጴዛውን ከነሰሀኑ እየጎተተ ኩሽና ድረስ ወሰደኝ፤ ከግድግዳው ጋር በጠፍር አሰርነው። ክንዴ አበጠ። ሚኪ ከኋላዬ ቆሞ «ለቀቅ፣ ለቀቅ፣ ይመልስልሽ፣ ከዚያ ያዢው» ይላል፤ እኔ መጥተህ ራስህ ያዘው እለዋለሁ፤ እንጣላለን፤ ደግሞ እንወርዳለን። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። እያንዳንዱን ኩርባ በእጄ ባልነካውም በሆዴ ፈርቼዋለሁ። ያቺ ገደሏ ወደ ግራ የምትከፈተዋ ጋ ስደርስ ስክሪን መሆኑን እያወቅሁ ማርያምን እጠራለሁ።

በዚህ መሀል ደግሞ ሰፈሩ በራችን ላይ ነው። የሚመልስ መሪ ነው የመረጥነው ይላሉ፣ ይመልስልን። ሚኪ መመለስ ይችልበታል፤ ሹፌር ነው። ለውኃው ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ሰሚ እንዴት አድርጎ እንደሰደበው እኔ እዚህ አልደግመውም። ውኃው መጣ። ኢክራም ሌላ ሐሉዋ ላከች። ሚኪ አፍሮ በላ።

የውድድሩ ጠዋት መሪውን ያዝኩ፣ ሚኪ ከኋላዬ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ከተማው ሙሉ አለ፤ አብዛኛው ልጅ ነው፣ ቁልቁለት ማለት ነፃ ፍጥነት የሚመስለው ልጅ። ገና ሲለቁን ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። እኔ በሁለተኛ ማርሽ ቀረሁ። ልብ በል፣ የሚኪ ደንብ ይሄ ነው፤ ድንች ጭነህ ደንገጎን ስትወርድ በሞተር ነው የምትይዘው፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን ትተወዋለህ። ቀድመውኝ የሄዱት ጀርባቸው እንኳን አይታየኝም። ተሸነፍን አልኩት። «አትዪ» አለኝ፤ «እጅሽን ስሚ።»

መሀል ላይ በሩ ተንኳኳ። ነቢል ነው፣ ቧንቧው ፈንድቶበታል። ሚኪ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «መሪው ሥራ ላይ ነው» ብሎ ጮኸበት። የቱን መሪ እንዳለ እኔም አላወቅሁም፤ ነቢልም አልጠየቀም።

ያቺ ወደ ግራ የምትከፈተው ኩርባ ጋ ጭነቱ አጋደለ። ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ እጄ ላይ ግን መጣ። መሪው ከበደ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ጎተተኝ። አሮጌዋ ብትሆን ዝም ብላ ትሰደኝ ነበር። ትንሽ ለቀቅኩት፣ መለሰልኝ፣ ያዝኩት። ሚኪ ከኋላዬ ትንፋሹን ዋጠ። ታች ስደርስ ሜዳው ባዶ ነበር። ሁሉም ደርሰው ወደየቤታቸው የገቡ መሰለኝና ሚኪን ይቅርታ ልለው ዞርኩ። ሰሚ ግን እንኳን ደስ አለዎት ወይዘሮ ፌቨን አለ። ሌሎቹ በሙሉ ገደል ገብተው ነበር።

ሚኪ ራሴን ሳመኝ፣ አቀፈኝ፣ ከቤት ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። መሪ እንደመሆኑ ውጤቱንም አጸደቀ። ማታ ግን በረንዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ወደ ደንገጎ በኩል ሲያይ አገኘሁት። «ደስ ብሎኛል» አለኝ ሳልጠይቀው። ደስ ብሎታል፤ ውሸቱን አይደለም። ግን መኪናዋን የምይዘው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ይሄ ከሆዴ አልወጣም አለ።

የእጅ ቀን ደንገጎ አናት ላይ ሕዝብ ሞልቶ ነበር። ልጆች መኪናዋን እንደ ዝሆን ይዳስሷታል። ኦብሴም መጥታ ነበር፤ የእውነተኛዋን መሪ በአንድ ጣቷ ነካችና እጇን ሳበች። እኔ ተሰቅዬ ተቀመጥኩ። ሚኪ የሰፈር መሪ ስለሆነ ጋቢና ገብቶ መውረዴን ማጽደቅ አለበት። ከፊታችን ደግሞ እዚያችም ውስጥ ሰሚ ለጥፈዋል። ሞተሩ ሲነሳ ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ፣ የናፍጣ ሽታ መጣ፣ ሚኪ ዓይኑን ጨፈነ። ሳየው ልቤ ተሰበረ።

ለቀቅኳት። ከሕዝቡ ዓይን እስክንሰወር የመጀመሪያዋን ኩርባ ዞርኩ። ከዚያ ዳር ያዝኩና የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ና፣ ተቀመጥ።»

«አይሆንም። እኔ መሪ ነኝ። ካወቁ መኪናዋን እዚሁ ያጠፏታል።»

«ሚኪ» አልኩት፤ «እኔ መንዳት ፈልጌ መሰለህ? ክንዴ ካበጠ ሳምንት አልፎታል። ለአንተ ነው። ና ተቀመጥ፣ አታስጩኸኝ።»

ወንበሩን ተሻግረን ተላለፍን፤ በዚህ ዕድሜያችን እግር ከእግር ተጠላልፎ። እሱ ገና ግማሽ ሲቀመጥ ሰሚው በራ።

«መኪናው ቆሟል። መሪውን የያዘው ማን ነው?»

ሚኪ እንዳለ ደረቀ። ውሸት ብናገር መኪናዋን ያጠፋታል፤ እውነት ብናገርም ያጠፋታል። እኔ ግን ይሄን ዕቃ እንዴት እንደሚሰማ በደንብ አውቄዋለሁ።

«መሪውን የያዘው መሪው ነው» አልኩት።

ሰሚ መልሶ ጠየቀኝ። «መሪው በመሪው እጅ ነው?»

«በመሪው እጅ ነው።»

«ተመዝግቧል። መልካም ጉዞ።»

ሚኪ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሁለተኛ ማርሽ ያዘ፣ ሞተሩ አቃሰተ፣ ሁለተኛዋ ኩርባ መጣች፤ ያ ትልቅ መሪ እጁ ውስጥ ሲንፈራገጥ አየሁት፤ እሱም ለቀቅ አደረገው፣ ያዘው፣ ለቀቅ አደረገው፣ ያዘው። ድሬ ከታች ወጣች።

«ወይዘሮ ፌቨን» አለ ሰሚ፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ሰፈሩ መሪ በየሳምንቱ የሚጠይቀውን ጥያቄ፤ «መሪው ይመልሳል?»

እኔ አፌን ስከፍት ሚኪ ቀደመኝ።

«ይመልሳል» አለ። ድምፁ ተቆራረጠ። እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ጢሙ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም፣ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ።